የገሰራ ቃና ዘገሊላ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ባሌ የሚጓዝ ሰው ዶዶላንና አዳባን ካለፈ በኋላ አገሩ ከፍ፣ አየሩም ቀዝቀዝ እያለ መሄዱን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ድንሾ ሲደርስ ጽዱና ኮሶው መንገዱን ያጅበዋል፤ ዕድለኛም ከሆነ የደጋ አጋዘን በመስኩ ላይ ቆሞ ሲግጥ ከመኪናው መስኮት ያያል። ከዚያ ወርዶ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሮቤ ትቀበለዋለች። የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው ጎባ ደግሞ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ በተራራው ግርጌ ተቀምጣለች። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ወደዚህ አገር የሚመጣው እንግዳ አብዛኛው ዓይኑን ወደ ሳነቴ ያቀናል፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን ሊወጣ፣ ቀይ ቀበሮንም ሊያይ ይቸኩላል። እኛ ግን ባለፈው ጥር ጀርባችንን ለተራራው ሰጥተን ከሮቤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ገሰራ ሄድን። ከመካከላችን አንዱ የዚያ አገር ተወላጅ ነውና ጥምቀትን በእናቱ ቤት እንድንውል ለምኖን ነበር።

ከሮቤ ወዲያ ያለው አገር የእህል አገር ነው። ዓይን እስከሚደርስ ድረስ ሜዳው ስንዴና ገብስ ነው። የባሌ ደጋ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለውን የአዝመራ ወራት «ገና»፣ ከዚያ በኋላ እስከ ታኅሣሥና ጥር የሚዘልቀውን «ቦና» ብሎ ይጠራዋል። (ይህ ገና የጌታችን የልደት በዓል እንዳይመስላችሁ፤ በኦሮምኛ የወራቱ ስም ነው።) እኛ በደረስንበት ጊዜ የቦናው አዝመራ እየተሰበሰበ ነበር። ባለ ብዙ መሬቱ በኮምባይነር ያሳጭዳል፤ ባለ ጥቂት መሬቱ ግን እንደ አባቶቹ በማጭድ አጭዶ በአውድማ ላይ በሬዎቹን ያዞራል። የገለባው ሽታ በመንገዱ ሁሉ ነበር። ሜዳው እየተቆረሰ ወደ ዋቤ ሸበሌ ሸለቆ በሚወርድበት ወገን ላይ ቆመን ባየን ጊዜ፣ ከገደሉ አፋፍ እስከ ከተማው ዳር ቢጫ ምንጣፍ የተነጠፈ መሰለን።

ይህን የገብስ ነገር ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ገብስ ለባሌ ሰው ከምግብ በላይ ነው። ኦሮሞው «ጋርቡ» ይለዋል፤ ከእርሱም ጩኮውን በቅቤ ያሻል፣ ገንፎውን ያገነፋል። ለመንገደኛ በሶ፣ ለእንግዳ ቆሎ ይሆናል። በክርስቲያኑ ቤት ደግሞ ለበዓል ጠላ ይሆናል። የዚህ ጽሑፋችን ነገርም የዚያ ጠላ ነገር ነው።

አስቀድመን ግን ስለ በዓሉ ጥቂት እንበል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ስለ ጎንደሩና ስለ አዲስ አበባው ጃንሜዳ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ፎቶግራፍ ተነሥቷል። እንደ ገሰራ ያሉ ከተሞች ጥምቀት ግን የሚታወቀው በባለቤቶቹ ዘንድ ብቻ ነው። ጥር 10 ቀን በገሃድ ጾም ታቦቱ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ካህናቱ ሌሊቱን በድንኳኑ ዙሪያ በማሕሌት ያድራሉ። የባሌ የጥር ሌሊት ውርጭ አለበትና ጋቢ ያልደረበ ሰው እስከ ንጋት አይቆምም። መዘምራኑ ግን ከበሮው እየሞቀ ሲሄድ እነርሱም አብረው ይሞቃሉ። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የደረሰው ዜማ፣ ግዕዙም ዕዝሉም አራራዩም፣ በዚህ ሩቅ ደጋ ላይ በመቋሚያና በጸናጽል ሲዘመር መስማት፣ አገራችን ምን ያህል ሰፊ፣ ማኅሌቷ ግን አንድ መሆኑን ያሳያል። ሕዝቡም ዳር ሆኖ ያጨበጭባል። ወጣቶቹ ክበብ ሠርተው ሆ እያሉ ይዘላሉ፤ አንዱ በአማርኛ ሲያወጣ ሌላው በኦሮምኛ ይቀበለዋል።

ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላ ነው። ጌታችን በገሊላ ቃና ሠርግ ላይ ውኃውን ወደ ወይን ጠጅ የለወጠበት ቀን በአባቶች ትምህርት የካቲት 23 ቀን ነበር፤ ነገር ግን የውኃን በዓል ከውኃ በዓል ጋር ማክበር ይገባል ብለው ከጥምቀት ቀጥሎ እንዲውል ሥርዓት ሠርተዋል። ወንጌሉን ወደ አማርኛ የመለሱት ሊቃውንት በዚያ ሠርግ ቤት የቆሙትን ስድስት የድንጋይ ዕቃዎች «ጋኖች» ብለው፣ መጠናቸውንም በእንስራ ለክተው ጽፈዋል። በዚህም ምክንያት የአገራችን ሰው ይህን ምዕራፍ ሲሰማ የሩቅ አገር ታሪክ አይመስለውም፤ በጓዳው ያለውን ጋን ያያል። ሠርጉም በወርኃ ጥር ነውና ነገሩ ሁሉ የቤቱ ነገር ይሆንበታል። ደግሞም 12ኛው ቀን የቅዱስ ሚካኤል ወርኃዊ በዓል ነው። በገሰራ በእንግድነት የገባንበት ቤት የጽዋ ማኅበርም የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር በመሆኑ፣ ሦስቱ ደስታ በአንድ ቀን ተገናኝቶልን ነበር።

ማኅበሩ 12 አባላት አሉት፤ ለያንዳንዱ ወር አንድ ተረኛ መሆኑ ነው። የጥሩ ተረኛ የጓደኛችን እናት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በአካባቢው ሁሉ «እትዬ» ይሏቸዋልና እኛም እንዲሁ አልናቸው። የጠላውን ሥራ ገና ከገና በዓል በፊት ጀምረውት ስለ ነበር መጨረሻውን እንጂ መጀመሪያውን አላየንም፤ ነገር ግን እርሳቸው ከልጆቻችን ጋር እንደሚነጋገሩ ሆነው ሁሉን በየተራው ነገሩን።

በመጀመሪያ ገብሱ ተለቅሞ በውኃ ይዘፈዘፋል። ነገ ወጥቶ በቅጠል ይጠቀለላል፣ ከባድ ድንጋይም ይጫንበታል፤ ሦስት ቀን ያህል ቆይቶ ጢም እንደሚያወጣ ጎረምሳ ቡቃያ ሲያወጣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ብቅል ማለት ይህ ነው። ሁለተኛ ጋኑ ይዘጋጃል። በግራዋ ቅጠል እየተፈተገ ይታጠባል፣ ከዚያም ተደፍቶ በወይራ ጢስ ይታጠናል። እትዬ እንደ ነገሩን በዚህ ላይ የሰነፈች ሴት ኋላ ጠላዋ ሲጎመዝዝ በገብሱ ታሳብባለች እንጂ ጥፋቱ የጋኑ ነው። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ገብቶ ጥቂት ቀን ይሰነብታል፤ ብቅሉና ቂጣው ሲታከልበት ጥንስስ ይሆናል። ሲፈላ ድምፁ ከጓዳ ይሰማል። ቀጥሎም የታመሰው የገብስ ዱቄት ውኃ እየተረጨበት በምጣድ ላይ ይታሻል፤ እንኩሮ ይሉታል። ይህ ከጥንስሱ ጋር ሲገናኝ ድፍድፍ ነው። ድፍድፉ እንዳረፈ ውኃ ይሞላበታል፣ የጋኑ አፍ ይታተማል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ይከፈታል። መጀመሪያ የሚቀዳው ወፍራሙ ጉሽ ነው፤ የተጣራው ለእንግዳ ይቀርባል፤ በመጨረሻ በአተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚጠለለው ቅራሪ ለልጆችና ለሠራተኞች ጥም መቁረጫ ይሆናል። አተላውን ደግሞ ላሞቹ ይጠብቁታል። ከገብሱ አንዲት ፍሬ እንኳ በከንቱ አትጠፋም።

የእትዬ ጠላ መልኩ እንደ ቡና አሹቅ ጠቆር ያለ፣ ሽታው የወይራውን ጢስ የያዘ ነበር። በአፍ ውስጥ መጀመሪያ የታመሰው ገብስ፣ ኋላ የጌሾው ምሬት ይመጣል። የጠላ ኃይል እንደ አጠማመቁ ይለያያል፤ ከቅራሪው ጀምሮ ከመቶ 2 እጅ እስከ 6 እጅ ይደርሳል። ይኸኛው ልከኛ ነበር፤ ጨዋታን ያመጣል፣ ምላስን ግን አያስርም።

ማኅበርተኛው ከቅዳሴ መልስ ተሰበሰበ። ሙሴው፣ ማለት የማኅበሩ አለቃ፣ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ናቸው። ከእርሳቸው በላይ ቄሱ፣ ከበታች ደግሞ አባላቱ በየዕድሜያቸው ተቀመጡ። ቄሱ ዳቦውንና ጠላውን ባርከው ጸበል ጻዲቁን ከቆረሱ በኋላ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሁሉም ከአንዱ ጽዋ ቀመሰ። ከዚያ በኋላ ነው ለየራስ በጣሳና በዋንጫ የሚቀዳው። ቀጂዋ ለአንዱ አብዝታ ለሌላው አታሳንስም፤ ማንም ከባልንጀራው ቀድሞ ዋንጫውን አያስደግምም። ማኅበሩ ደግሞ የራሱ ደንብ አለው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ጋኑ ይከደናል። ቄሱ እንዳጫወቱን መጻሕፍት የሚከለክሉት ጽዋውን ሳይሆን ስካሩን ነው። ሐዋርያው ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ የመከረው ያው ሰካራም መንግሥተ ሰማያትን እንደማይወርስ ያስተማረው ነው። ይህን ሲሉም ዋንጫቸውን በእጃቸው ከድነው ለቀጂዋ «ይበቃኛል» አሏት።

ከማኅበርተኛው ሌላ ጎረቤቶች ነበሩ። ገሰራ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አጥር ተጋርቶ የሚኖርባት ከተማ ናት። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶች ከበሩ ወዲህ ባለው ዳስ ተቀምጠው ቆሎና ቡና፣ ደግሞም ማር በውኃ የተበጠበጠበት ብርዝ ይቀርብላቸው ነበር። እትዬ ይህን ብርዝ የሚያዘጋጁበት ዕቃ ለብቻው ነው፤ ጠላ ነክቶት አያውቅም። ከእንግዶቹ አንዱ ሽማግሌ ስለ ድሬ ሼክ ሁሴን ጉዞ አጫወቱን። በያመቱ ከሩቅና ከቅርብ የሚመጣው ሕዝብ ሹካ በትሩን ይዞ፣ መንዙማውን እያዜመ ሲጓዝ የሚሰማው ዜማ ሌሊቱን ሙሉ አያቋርጥም አሉን። እንዲህ እንግዲህ በአንድ ዳስ ሥር ሁለት ዓይነት ማኅሌት ሲወራ ሰማን። ወዲያው አንድ ወጣት ዲያቆን ከበሮውን አምጥቶ የቅዱስ ሚካኤልን መዝሙር ጀመረ፤ ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሉት። ሽማግሌውም ሳይዘምሩ በበትራቸው ጫፍ መሬቱን እየመቱ ምቱን ጠበቁ።

ቀኑ እንዲህ ባለ ደስታ ሊያልቅ ሲል ነው ክርክሩ የተነሣው።

ከማኅበርተኞቹ አንዱ በከተማው ሱቅ ያለው፣ በዕድሜውም ከሌሎቹ ያነሰ ሰው ነው። ሙሴው የሚቀጥለውን ወር ጉዳይ ሲያነሡ ፈቃድ ጠይቆ ቆመና፣ ከእንግዲህ ተረኛው የፈለገ እንደ ሆነ በጠላ ፋንታ የጠርሙስ ቢራ ያቅርብ አለ። ምክንያቱንም ዘረዘረ። ጠላ ሁለት ሳምንት ሥራ ይፈልጋል፤ ሴቶቻችን በጢስ ዓይናቸው ጠፋ፤ ልጆቻችን ጠመቃውን አይማሩም፤ ቢራ ግን በስልክ ታዝዞ በባጃጅ ይመጣል፣ ንጹሕም ነው። ነገሩ ከንቱ አልነበረም። ቢራ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ ከተቋቋመ ከ1915 ዓ.ም. ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ከባሌና ከአርሲ ገብስም ዛሬ ወደ ብቅል ፋብሪካ የሚሄድ አለ፤ በጎረቤት አርሲ የአሰላው ብቅል ፋብሪካ ከአርባ ዓመት በፊት ጀምሮ ይሠራል። የቢራ ኩባንያዎችም ለገበሬው ምርጥ ዘር እየሰጡ ምርቱን ይገዙታል። ይህ ለገበሬው ገንዘብ አምጥቶለታል፤ ይህንም መካድ አይገባም።

ሙሴው ሲመልሱ ድምፃቸውን አላነሡም። «ልጄ፣ አንድ ሣጥን ስንት ጠርሙስ ይይዛል?» ብለው ጠየቁት። «24» አለ። «ዛሬ በዚህ ቤት ስንት ሰው ጠጣ?» ቆጠሩ፤ ጠላ የጠጣው 40 ያህል ነበር። ለያንዳንዱ ሁለት ጠርሙስ ቢታሰብ 80 ጠርሙስ፣ ከሦስት ሣጥን በላይ ይሆናል። «አንተ ትችለዋለህ፤ እግዚአብሔር ይጨምርልህ። ያ ግን ይችለዋል?» ብለው በጭኖ የሚተዳደረውን፣ በር አጠገብ የተቀመጠውን ባለ ጋሪ አመለከቱ። «እርሱ ገብሱን ከዘመድ ያገኛል፣ ሚስቱ ትጠምቃለች፣ ተራው ሲደርስ ከኔ ቤት ያላነሰ ያቀርባል። ቢራ የገባ ቀን ግን ተራውን ፈርቶ ማኅበሩን ይተዋል። አንድ ወር አንተ አራት ሣጥን ታመጣለህ፣ በሚቀጥለው ወር ሌላው አምስት ያመጣል፤ ጽዋው የሚካኤል መሆኑ ይቀርና የኪስ መለኪያ ይሆናል።» ባለ ጋሪው ራሱን አቀርቅሮ ዝም አለ። እኛም ዓይናችንን ወደርሱ ላለመመለስ ተጠነቀቅን።

በዚህ ላይ አንድ መምህር ነገር ጨመረ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ በ2011 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥም አይፈቀድም። ከዚያ በፊት በዓል በደረሰ ቁጥር በየቴሌቪዥኑ የበዓሉ መልካም ምኞት በቢራ ስም ይነገር እንደ ነበር ሁላችን እናስታውሳለን። መንግሥት ከሬዲዮው ያወጣውን እኛ በገዛ እጃችን ወደ ማኅበር ቤት እናስገባውን? አለ። አንዱ ሽማግሌ ግን ጠላም ያሰክራል እኮ ብለው አሳቁን፤ እውነታቸውንም ነው። የጠላን ስካር ያላየ መንደር የለም። በየመንደሩ በጠላ ቤት ደመወዙን ጨርሶ በባዶ እጁ ወደ ልጆቹ የሚገባ አባወራ መኖሩን ይህ መጽሔት የሚገባባቸው ቤቶች በደንብ ያውቃሉ። ልዩነቱ በመጠጡ ዓይነት ብቻ ነው ብንል ራሳችንን እናታልላለን። ማኅበሩን ከጠላ ቤት የሚለየው በጸሎት መከፈቱ፣ ባልንጀራ ባልንጀራውን ማየቱ፣ ጋኑም በሰዓቱ መከደኑ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል እትዬ በጓዳው በር ቆመው ያዳምጡ ነበር። በመጨረሻ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ስለ ሴቶች ድካም ይህን ያህል ተከራከራችሁ፤ ከመካከላችሁ ሴቶቹን የጠየቀ አለን?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። «እኔ ጠላ መጥመቅ አልሰለቸኝም። የእናቴ ሙያ ነው፤ ጋኑም የእርሷ ነው። የሰለቸኝ ውኃውን ብቻዬን መቅዳት፣ እንጨቱን ብቻዬን መፍለጥ ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ እርሱ ይፈልጥልኝ ነበር። ዛሬ 12 ቤት የሚጠጣውን አንዲት መበለት ትሸከማለች። ይህ ልጅ ያለው ሐሰት አይደለም፤ መድኃኒቱን ግን አልወደድሁለትም።»

እኛ እንደምናስበው የዚያ ቀን ዋናው ቃል ይህ ነበር። የጠላን ባህል የሚያመሰግኑ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ ጢሱን ግን የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። ባህል ይጠበቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ዋንጫ ይዞ የተቀመጠው ሰው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. አራት እንግሊዛውያን አንድ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ቢራውን አጣርተው፣ እርሾውን ገድለው፣ ጋዝ ጨምረው መሸጥ ስለ ጀመሩ፣ እስከሚቀዳበት ሰዓት ድረስ በበርሜሉ ውስጥ በሕይወት የሚፈላው የጥንቱ መጠጥ እንዳይጠፋ ነበር የተነሡት። ዛሬ አባላቱ እጅግ ብዙ ሆነው፣ በሚያደርጓቸው የመጠጥ በዓላት ሙዚቃ እየሰሙ፣ ከየአውራጃው የመጣውን እየቀመሱ ይውላሉ። ማኅበሩ ብዙዎቹን ጠማቂዎች ከመዘጋት እንዳዳነ ይነገራል። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን እዚያ ጠማቂው ነጋዴ ነው፤ በርሜሉን በሸጠ ቁጥር ዋጋውን ያገኛል። የኛይቱ ጠማቂ ግን በነጻ የምትጠምቅ እናት ናትና እርሷን ማዳን በቅምሻ ብቻ አይሆንም።

ሙሴው ይህን ተረድተው ይመስላል፣ ከአባላቱ ጋር ጥቂት ተነጋግረው ውሳኔውን ተናገሩ። የማኅበሩ ጽዋ ጠላና ዳቦ እንደ ሆነ ይቆያል። ከአሁን ወዲያ ግን ከ12ቱ ቤት እያንዳንዱ በየወሩ ለተረኛው አንዳንድ ጣሳ ብቅል ያዋጣል። ከወጣቶቹ መካከል ሁለት ሁለት ወንዶች በተራ እየተመደቡ ለተረኛው ቤት እንጨት ይፈልጣሉ፣ ውኃም ይቀዳሉ። ለማይጠጣም ብርዝ እንዳይቀር። በሠርጉና በክርስትናው ቢራ ማቅረብ የሚወድ በቤቱ ያቅርብ፤ ማኅበሩ አይከለክለውም። ቄሱ «ይሁን፣ ይደረግ» ብለው መረቁ፤ ባለ ሱቁም «እናያለን» አለና ተቀመጠ። እንዳልተረታ ከፊቱ ይነበብ ነበር፤ ቂም ግን አልያዘም፣ ከባለ ጋሪው ጋር ወዲያው ስለ ጭነት ዋጋ ጨዋታ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እንጨት ፈላጮች ሲመረጡ ደግሞ ሳቅ ሆነ፤ አንደኛው ያ ንግግር ያደረገው መምህር ሆኖ ተገኘ። መጥረቢያ ከያዘ ስንት ዓመት እንደ ሆነው ቢጠየቅ መልስ አልሰጠም።

11 ሰዓት ሲሆን ጋኑ ተከደነ። ዲያቆኑ የመጨረሻውን መዝሙር ሲያወጣ ሁሉ ተነሣ፤ ከበሮው በጠባቧ ቤት ውስጥ እንደ ነጎድጓድ ይመታ ነበር፣ ከዳሱም ያሉት ጎረቤቶች በሩ ላይ ተሰብስበው ይመለከቱ ነበር። ከዚያም እንደ ሥርዓቱ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከዳቦው ቁራሽ ጋር ለየካቲት 12 ተረኛ ሊሰጥ ወጣ። ተረኛው ባለ ሱቁ ነበር። በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ተሳለመው፣ ቄሱም ባረኩት። ሚስቱ ግን ከርሱ ጋር ወዲያው አልሄደችም። ወደ ጓዳ ገብታ ከእትዬ ጋር ስታንሾካሹክ ቆየችና፣ ስትወጣ በነጠላዋ ጫፍ አንድ ነገር ቋጥራ ነበር። ጓደኛችን ምን እንደ ሆነ እናቱን ቢጠይቃቸው፣ «ጌሾ ነው። ብቅሉን ከነገ ወዲያ ብትዘፈዝፈው ለየካቲት ሚካኤል ይደርስላታል» አሉት።